ፕላሰርቪል ላይ የገዛኋቸው ሁለት የወርቅ ዘመን ካርታዎች፦ የትኛው ነው እውነተኛው?

ዘኦክላንድ

ሰላም ቤቶች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዓመት ሙሉ እናንተ ስታወሩ በዝምታ ሳነብ ኖሬ ዛሬ ጉዳይ ይዤ መጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ተሳፋሪ ታሆ ሐይቅ አድርሼ ስመለስ እዚሁ ካሊፎርኒያ ፕላሰርቪል ላይ የሟች ዕቃ የሚሸጥበት ቤት አይቼ ቆምኩ። ጋራዡ በካርቶን ጢም ብሏል፤ ሟቹ የድሮ ወረቀት ሰብሳቢ ነበሩ መሰለኝ። አንድ ካርታ በ60 ዶላር ገዛሁ። ሁለተኛውን ማንም ስላልፈለገው ሻጯ ምርቃት አድርጋ ሰጠችኝ።

(ሀ) የገዛሁት ነው። ትልቅ፣ ብራና የመሰለ ቢጫ ወረቀት፣ ሲነኩት ይንኮሻኮሻል፣ ዳርና ዳሩ እሳት የላሰው ይመስላል። መርከብ አለው፣ አካፋ የያዘ ሰው አለው፣ 1849 ይላል። በጣም ያምራል።

(ለ) ምርቃቱ ነው። ስስ ወረቀት፣ ነጭ የነበረ አሁን ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል፣ ብዙ ቦታ የታጠፈ። ጌጥ የሚባል የለውም። ተራሮቹ የአባጨጓሬ ፀጉር ይመስላሉ። ርዕሱ ወደኛ ሲመለስ «የካሊፎርኒያ የወርቅና የባዜቃ (ሜርኩሪ) ወረዳ የመልክዓ ምድር ንድፍ፣ ጁላይ 25፣ 1848» ነው። የሣለው ሰው ስም ሙሉውን የለም፤ «ኢ.ኦ.ሲ.ኦ. ሌተናንት» ብቻ። የግራ ጠርዙ ተቀዷል።

(ሀ)ን ፍሬም አስገብቼ ሳሎን ልሰቅለው ነው። ከዚያ በፊት የምታውቁ ካላችሁ አንድ በሉኝ።

ሰምና ወርቅ

ብቻ ሰሙን ገዝተህ ወርቁን በምርቃት እንዳታገኝ።

ብራና ወዳጅ

ወንድሜ፣ ፍሬም ቤት ከመሄድህ በፊት ትንሽ ታገስ። እኔ ዋሽንግተን አካባቢ በቤተ መጻሕፍት የወረቀት ጥገና ክፍል ነው የምሠራው፤ ይኼን ጥያቄ በሳምንት ሁለት ሦስቴ እሰማዋለሁ።

አሥር እጥፍ የሚያጎላ ማጉያ መነጽር ግዛ፤ ጌጣጌጥ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩት ዓይነት፣ ከአሥር ዶላር ብዙ አይበልጥም። ቀለም ያለበት ቦታ ላይ አስጠግተህ እይ። ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ነጠብጣቦች አበባ ሠርተው ካየህ ያ የኛ ዘመን ማተሚያ ሥራ ነው፤ አትልፋ። በ1848 ገደማ በድንጋይ ላይ ተስሎ የታተመ ካርታ መስመሩ ሳይቆራረጥ ሙሉ ጥቁር ሆኖ ይታያል። ቀለም ካለው በእጅ የተቀባ ነው፤ ብሩሹ መስመሩን አልፎ ሲሄድ፣ አንዱ ጋ ሲደምቅ ሌላው ጋ ሲሳሳ ታየዋለህ።

ወረቀቱንም ዳብሰው። በዚያን ጊዜ ወረቀት ከእንጨት ሳይሆን ከአሮጌ ጨርቅ ነበር የሚሠራው። ስለዚህ መቶ ሰባ ምናምን ዓመት አልፎትም እንደ ነጠላ ለስለስ ይላል እንጂ አይንኮሻኮሽም። የሚንኮሻኮሽ፣ ዳሩ የተቃጠለ «ጥንታዊ» ወረቀት በየማዕድን ከተማው የስጦታ ሱቅ ይሸጣል። ይቅርታ፣ ልብህን ልሰብር ብዬ አይደለም።

(ለ)ን ግን ፎቶ አንስተህ ላክልን፤ በተለይ የተቀደደውን ጠርዝ። እባክህ ስኮች እንዳትለጥፍበት!!

ዘኦክላንድ

ማጉያው ዛሬ ደረሰ።

(ሀ) አበባ በአበባ ነው። መርከቡም አበባ፣ ሰውዬውም አበባ። ጀርባው ጥግ ላይ ደግሞ የዋጋ ተለጣፊ ተነስቶ የቀረ ሙጫ አገኘሁ። ስድሳ ዶላሬ ሄደች።

(ለ) ምንም ነጠብጣብ የለም። መስመሩ ሁሉ ጥቁር ሙሉ ነው። እጥፋቶቹ የተገናኙበት ቦታ ላይ በመርፌ የተበሳ የሚመስሉ ቀዳዳዎች አሉ። የግራው ጠርዝ መሃሉ ላይ እንደ ምላስ ወጣ ብሎ ተቀዷል። ግርጌው ላይ በጣም ደቃቅ ጽሑፍ አለ፤ የፊላደልፊያ ማተሚያ ስም ነው።

ጋሽ ቀያሹ

ልጄ ዘኦክላንድ፣ እንኳን ደስ አለህ። ምርቃቷ ናት ዕቃዋ።

«ኢ.ኦ.ሲ.ኦ.» ያልከው ኤድዋርድ ኦርድ ነው፤ ያን ጊዜ የመድፈኛ ሌተናንት፣ በኋላ በእርስ በርሱ ጦርነት ጄኔራል የሆነ። ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንዋሪ 24፣ 1848 ጄምስ ማርሻል ኮሎማ ላይ በሰተር የእንጨት መሰንጠቂያ ቦይ ውስጥ ወርቅ አየ። የካሊፎርኒያ ወታደራዊ ገዥ የነበረው ኮሎኔል ሜሰን በበጋው ራሱ ወደ ቁፋሮው ወጥቶ ጎበኘ፤ ኋላ ስመ ገናና የሆነው ሸርማን አብሮት ነበር። ሜሰን ኦገስት 17 ሪፖርቱን ጻፈ። ከሪፖርቱ ጋር በሻይ ቆርቆሮ የታሸገ ከ200 አውንስ በላይ ወርቅ አንድ መኮንን አስይዞ ወደ ዋሽንግተን ላከ። ፕሬዚዳንት ፖልክ ዲሴምበር 5 ለኮንግረስ ወሬው እውነት ነው ብሎ አረጋገጠ። የኦርድ ንድፍ ከዚያ ሰነድ ጋር ታትሞ ነው የወጣው። በ1849 ዓለም ሁሉ ተነቅሎ ሲሄድ መንግሥት «ወርቁ እዚህ ነው» ብሎ በይፋ ካሳየባቸው የመጀመሪያ ወረቀቶች አንዱ በእጅህ ነው።

በዚያው በ1848 ፕሮይስ የተባለው ጀርመናዊ ለአሳሹ ፍሬሞንት የሠራው ትልቁ የኦሪገንና የላይኛው ካሊፎርኒያ ካርታም «ኤል ዶራዶ ወይም የወርቅ ምድር» የሚል ጽሑፍ ገብቶበታል።

አንድ እርማት ግን አለኝ። ርዕሱ ራሱ «ንድፍ» ነው የሚለው። ኦርድ የመለኪያ ሰንሰለት አልጎተተም። በፈረስ ሄዶ፣ በኮምፓስ አቅጣጫ ይዞ፣ ርቀቱን ገምቶ ነው። የቅየሳ ካርታ ብለህ እንዳትጠራው።

ሰምና ወርቅ

ጋሼ፣ በርስዎ ቤት ሰንሰለት ያልነካው ሁሉ ካርታ አይደለም ማለት ነው?

ጋሽ ቀያሹ

ካርታ ነው። ቅየሳ አይደለም። ልዩነቱ በፍርድ ቤት ይታወቃል።

የሳን ሆዜዋ

ጋሼ፣ ከርስዎ ጋር መከራከር ድፍረት ቢሆንም፣ ሰብሳቢዎች ኦርድንም፣ የደርቢን የሳክራሜንቶ ሸለቆ ካርታም፣ የጃክሰንን የማዕድን ወረዳ ካርታም «የመጀመሪያ ቅኝት» ብለው አንድ መሳቢያ ውስጥ ነው የሚያኖሯቸው። እኔም እንደዚያው።

ባዜቃ የሚለውን ግን ማንም ዝም ብሎ አለፈው። የባዜቃ ማዕድኗ ኒው አልማደን እኮ ከሳን ሆዜ በስተደቡብ፣ ከምንኖርበት ሰፈር በመኪና የምትደረስ ናት። ባዜቃ ባይኖር ያ ሁሉ ደቃቅ ወርቅ ከአሸዋው አይለይም ነበር፤ ባዜቃው ወርቁን ይዞ ያስቀረዋል፣ ከዚያ በእሳት ይለያል። ኦርድ ሁለቱን በአንድ ርዕስ ማስገባቱ ዝም ብሎ አይደለም። በኛ በኩል ካሉት የውኃ ግድቦች ዓሣ አትብሉ የሚል ማስጠንቀቂያ እስከ ዛሬ ተለጥፏል፤ ምክንያቱ ያው የድሮ ባዜቃ ነው።

የአዶላ ልጅ

ስለ ባዜቃ ስታወሩ አባቴ ትዝ አሉኝ። ክብረ መንግሥት ነው ያደግሁት። አባባ በገበቴ ነበር የሚያጥቡት፤ አሸዋውን ከውኃው ጋር ያዞሩታል፣ ያዞሩታል፣ በመጨረሻ ጥቁሩ አሸዋ ጫፉ ላይ እንደ ቅንድብ ይቀራል፤ ከዚያ ውስጥ ነው ወርቁ ብልጭ የሚለው። ካሊፎርኒያ ሙዚየም ውስጥ የብረት መጥበሻቸውን ሳይ «ይኼማ የአባባ ገበቴ ነው» ብዬ ጮክ ብዬ ተናግሬ ሰው ዞሮ አየኝ።

ካርታውን የት ነው ማየት የሚቻለው? እኔ 60 ዶላር ለወረቀት አላወጣም።

ጋሽ ቀያሹ

ልጄ፣ ምንም አታወጣም። እንዲያውም እኔ የምወደው ዓይነት ካርታ በነፃ ነው የሚገኘው።

እኔ አገር ቤት በወጣትነቴ ቅየሳ ላይ ነበርኩ። ትልልቆቹ ስለ ቀላድ ሲያወሩ ሰምቼ ነው ያደግሁት፤ ገመድ ይዘረጋል፣ መሬቱ በጋሻ ይቆጠራል፣ ጋሻው ለምና ጠፍ እያለ ይሰፋል ይጠባል፤ በግምት 40 ሄክታር በለው። እዚህ መጥቼ የድሮውን የካሊፎርኒያ ታሪክ ሳነብ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? በሜክሲኮ ዘመን ርስት ሲሰጥ ሁለት ፈረሰኛ 50 ቫራ (የስፔን መለኪያ ነው) የሚሆን የጠፍር ገመድ በሁለት እንጨት አስረው፣ አንዱ ሲተክል ሌላው እየጋለበ ይለኩ ነበር። ቀላድ በፈረስ! ጠፍር ደግሞ ጠል ሲነካው ይረዝማል፣ ፀሐይ ሲወጣ ያጥራል። የጠዋት ጋሻና የከሰዓት ጋሻ እኩል አይሆንም።

አሜሪካኖቹ ሰንሰለት ይዘው መጡ። 66 ጫማ፣ 100 ቀለበት፤ 80 ሰንሰለት አንድ ማይል ነው፣ አሥር ካሬ ሰንሰለት አንድ ኤከር። በ1851 ሊያንደር ራንሰም የሚባል ቀያሽ ማውንት ዲያብሎ ጫፍ ላይ መነሻ ነጥብ ተከለ። ከዚያ ነጥብ ነው የሰሜን ካሊፎርኒያ መሬት አብዛኛው፣ ኔቫዳም ጭምር፣ እስከ ዛሬ የሚቆጠረው። መሬቱን ስድስት ማይል በስድስት ማይል ታውንሺፕ እያሉ ከፈሉት፤ እያንዳንዱ ውስጥ 36 ሴክሽን አለ። አንዱ ሴክሽን 640 ኤከር ነው፣ በኛ ስድስት ጋሻ ተኩል ገደማ። ቁጥሩ ደግሞ ደስ ይላል፦ ከሰሜን ምሥራቅ ጥግ ይጀምርና ወደ ምዕራብ ሄዶ፣ ታጥፎ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፣ እንደገና ይታጠፋል። በሬ ሲያርስ እንደሚዞረው ነው። የገበሬ ልጅ አንዴ ካየው አይረሳውም።

የታውንሺፑ ካርታ በአብዛኛው አንድ ኢንች ለ40 ሰንሰለት ነው የሚሣለው። ከካርታው ጋር የመስክ ማስታወሻ አለ፤ ሰንሰለት ጎታቾቹ በመሐላ የሠሩበት። «እዚህ ቦይ ተሻገርን፣ እዚህ የቆፋሪ ጎጆ አለ፣ እዚህ የበርሜል ያህል የወፈረ ዋርካ ላይ ምልክት ቀረጽን» እያለ በሰንሰለትና በቀለበት ይቆጥራል። (ዋርካ ያልኩት ለጨዋታ ነው፤ ኦክ ነው።) የፌዴራል መሬት አስተዳደር ቢሮ ድረ ገጽ ላይ ግባና ካሊፎርኒያን፣ ማውንት ዲያብሎ ሜሪዲያንን ምረጥ። ቤትህ ያለበትን ሴክሽን ታገኘዋለህ።

የአዶላ ልጅ

ጋሼ፣ ቤቴ ከዲያብሎስ ተራራ ተለክቶ ነው የምከፍለው ግብር?!

ሰምና ወርቅ

ጠበል ይረጭበት።

ጋሽ ቀያሹ

ተረጨም አልተረጨም ልኬቱ አይለወጥም። ግን ሁሉም ልኬት እውነት ነው እንዳትሉ። በ1870ዎቹና 80ዎቹ ቤንሰን የሚባል ሰው ያደራጃቸው ቀያሾች ሜዳ ሳይወጡ ቢሮ ቁጭ ብለው ማስታወሻ እየፈጠሩ ከመንግሥት ገንዘብ ይበሉ ነበር። ሌሎች ቀያሾች ኋላ ምልክቱን ሊፈልጉ ሄደው ዛፉም ድንጋዩም የለም። መሬቱ ገደል ሆኖ ካርታው ላይ መስመሩ እንደ ክር ቀጥ ካለ እኔ እጠረጥራለሁ።

የሳክራሜንቶ እናት

ሰላም፣ ጨዋታችሁ ደስ ይላል፤ እኔም አንድ ነገር ልጨምር። ፎልሰም ነው የምኖረው። እዚህ ወንዙ ዳር ጥቁር ቆፋሪዎች በወርቁ መጀመሪያ ላይ የሠሩበት ቦታ አለ፤ ስሙ የሚያሳፍር ነበርና በ2022 ሰሌዳው «የጥቁር ቆፋሪዎች ባር» ተብሎ ተለወጠ። ባር ስል መጠጥ ቤት አይደለም፣ የወንዝ አሸዋ ደለል ነው።

መሬቱ ራሱ የማን ነበር? ዊልያም ላይድስዶርፍ የሚባል ሰው። የተወለደው በካሪብያን ደሴት ነው፣ አባቱ የዴንማርክ ሰው፣ እናቱ አፍሪካዊ ዘር ያላት። በ1844 ከሜክሲኮ ገዥ በአሜሪካን ወንዝ ዳር 35 ሺ ኤከር ተሰጠው። በጋሽ ቀያሹ ሒሳብ ከ350 ጋሻ በላይ መሆኑ ነው! ሜይ 1848 ሞተ፤ የወርቁ ወሬ ገና ሲሰማ፣ ወርቁ በደጁ ሳለ። ፎልሰም የተባለው መኮንን ደሴቱ ድረስ ሄዶ መሬቱን ከላይድስዶርፍ እናት ገዛው፤ ከተማዋ በስሙ ቀረች። በ1855 የከተማዋን መንገዶች የቀየሰው ቴዎዶር ጁዳ ነው፣ አሜሪካን ያቋረጠው ባቡር መሐንዲስ።

የነዚህ ርስቶች የመጀመሪያ ካርታ ዲሴኞ ይባላል። የ1851 ሕግ ባለርስት ሁሉ ኮሚሽን ፊት ቀርቦ ርስቱን ያስመስክር ሲል ከ800 በላይ ሰው ማመልከቻ አስገባ፤ ብዙዎቹ ይኼን በእጅ የተሣለ ካርታ ነው ያያያዙት። በርክሊ ባንክሮፍት ቤተ መጻሕፍት አላቸው። ኮረብታው ከጎኑ ተስሎ፣ ዛፍ በዛፍነቱ፣ ወንዙ እንደ እባብ። የኛን የገጠር ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ይመስላል። እዚያ ቁጭ ብሎ ዳኛ ፊት «ድንበሬ እስከዚያ ዛፍ ነው» ማለትን አስቡት፤ ዛፉ ደግሞ ለቆፋሪ ማገዶ ሆኗል።

ካርታዎቹ ላይ የሌለውንም ማሰብ ነው። በ1851 እና 52 ከነባሮቹ ሕዝቦች ጋር 18 ውል ተፈርሞ መሬት ተከልሎላቸው ነበር። ሴኔቱ አላጸድቅም ብሎ በምስጢር ቆለፈበት፤ እስከ 1905 ሰው አላየውም። ቀያሾቹ ሴክሽን ሲቆጥሩ የነበረው እዚያ መሬት ላይ ነው።

ዘኦክላንድ

እትዬ፣ አመሰግናለሁ፤ ይኼን ሁሉ ፎልሰምን አቋርጬ ስሄድ አላውቅም ነበር።

ጥያቄ፦ (ለ) ዋጋው ስንት ይሆናል? ለመሸጥ አይደለም (እሺ፣ ትንሽ ለመሸጥም ነው)።

የሳን ሆዜዋ

ሀብታም አያደርግህም። ኮንግረስ ሰነዱን በብዛት ነው ያሳተመው፤ መጽሐፍ ውስጥ ታጥፎ መደርደሪያ ላይ ስለተቀመጠ ተርፏል። ውድ የሆነው የጃክሰን የ1850ው የማዕድን ወረዳ ካርታ ዓይነቱ ነው። ያ ኪስ ውስጥ ታጥፎ ተሸጦ፣ ቆፋሪው ዝናብ ላይ ሲያወጣው፣ ሲያስገባው፣ ቅቤ በነካ እጁ ሲይዘው አለቀ። የተረፈው ጥቂቱ በብዙ ሺ ዶላር ይሸጣል። ያለቀበት ካርታ ነው የሚወደደው።

ብራና ወዳጅ

እኔ ከዋጋው በፊት ሌላ ነገር አሳስቦኛል። የላክኸውን ፎቶ አጉልቼ አየሁት። ያ ምላስ የሚመስል ቅድ ካርታው መጽሐፍ ላይ የተጣበቀበት ነው፤ ተጎትቶ ወጥቷል። ጀርባውን በጎን መብራት እየው፤ መብራቱን ጠረጴዛው ላይ አስተኝተህ። ማኅተም አለ?

ዘኦክላንድ

ውይ። አለ። እንቁላል ቅርጽ፣ የፈዘዘ፣ ግማሹ ተፍቆ። «...ቤተ መጻሕፍት» የምትለዋና የከተማዋ ስም ይነበባሉ። ስሙን እዚህ አልጽፍም።

ብራና ወዳጅ

አትደንግጥ፣ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ አሰናብቶ ይሸጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን «ተሰናብቷል» የሚል ሁለተኛ ማኅተም ይኖራል። የተፋቀ ማኅተም ሲሆን ነው የማልወደው። በ2005 ስማይሊ የተባለ የታወቀ ካርታ ነጋዴ ዬል ውስጥ ተያዘ፤ ያስያዘው መሬት ላይ የጣላት ምላጭ ናት። 97 ካርታ ከየቦታው ቆርጦ መስረቁን አመነ። የገዙት ሰዎች ምንም አያውቁም ነበር፤ ግን መመለስ ነበረባቸው። ጻፍላቸው። መጽሐፉ መደርደሪያቸው ላይ እንዳለ ብቻ ጠይቃቸው።

ሰምና ወርቅ

ወንድሜ ዝም በል፣ ማን ያውቅብሃል?

ብራና ወዳጅ

እኔ አውቃለሁ፣ አንተም አሁን አወቅህ።

ዘኦክላንድ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ቤቶች፣ ዘገየሁ። ጻፍኩላቸው። በሁለተኛው ቀን መለሱ፦ መጽሐፉ አለ፣ ካርታው የለም፣ መቼ እንደወጣ አናውቅም።

ረቡዕ ዕለት ሥራ ዘጋሁና ካርታውን በሁለት ንጹሕ ካርቶን መሃል አድርጌ ነዳሁ። አንዲት አዛውንት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጽሐፉን የአረፋ ትራስ ላይ አስቀምጠው ገለጡት። ገጾቹ መሃል አጭር የወረቀት ጉራጅ ቀርታለች፣ ሁለት ጣት የማትሞላ። እኔ እጄ ስለተንቀጠቀጠ እሳቸው ናቸው ካርታውን ያስጠጉት። ያ ምላስ ጉራጇ ላይ ያለው ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ልክክ አለ። የውኃ ነጠብጣቡ እንኳ ከገጹ ወደ ካርታው ሳይቋረጥ አለፈ። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ አልተናገርንም። ከዚያ ሴትዮዋ «ቡና ትጠጣለህ?» አሉኝ።

ሰጥቻቸው መጣሁ። ትልቅ ስካን ልከውልኛል፤ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ።

ሰምና ወርቅ

ስድሳ ዶላርህስ?

ዘኦክላንድ

(ሀ) አለችኝ አይደል። ልጄ መርከቡን ወዳው ክፍሏ ውስጥ ሰቅላዋለች፤ በስኮች።

ብራና ወዳጅ

ለእሷ ተፈቅዷል።

ጋሽ ቀያሹ

ጎበዝ ልጅ። ታውንሺፕህን ፈልግ ያልኩህንስ?

ዘኦክላንድ

አገኘሁ ጋሼ። ግን የኛ ሰፈር ላይ ሴክሽን ቁጥር የለውም፤ ባዶ ነው፣ ዙሪያውን የተጣመመ መስመር ብቻ። ተሳስተው ነው?

ጋሽ ቀያሹ

አልተሳሳቱም። ኦክላንድ የፔራልታ ቤተሰብ ርስት ነበረ። በስፔንና በሜክሲኮ ዘመን የተሰጠ ርስት ከጸደቀ በካሬ አይቆረጥም፤ የተጣመመው የርስቱ ወሰን ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደውልልኝና አብረን እናየዋለን።